ለሞምባሳ ብዬ አባቴን ስለውጥ

ስሜን አልነግራችሁም። አፍሬበት እንዳይመስላችሁ፤ የትኛውን እንደምነግራችሁ ግራ ገብቶኝ ነው። ፍርድ ቤቱ አንድ ያውቃል፣ ደመወዝ የምፈርምበት ፔሮል ሌላ ያውቃል። የራሴ ስም አልተነካም፤ የተነካው ከሱ ቀጥሎ ያለው ነው። እንደምታውቁት እኛ አገር ሴት ልጅ ስታገባ ቤት ትቀይራለች፣ ጸባይ ትቀይራለች፣ ካስፈለገም የፀጉር አሠራር ትቀይራለች እንጂ አባት አትቀይርም። እኔ ቀየርኩ። ምን ፈልገሽ ብትሉኝ፣ ሞምባሳ ሄጄ ባሕር ለማየት። በሉ ሳቁ፤ ከቦንጋ እስከ ዋጫ ያልሳቀብኝ ሰው ስለሌለ እናንተ ብትቀሩ ቅር ይለኛል።

አባቴ አቶ ወልደየስ ይባላል። ዋጫ አጠገብ ቡና አለው፣ ቀፎ አለው፣ እኔ አለሁት። ሌላ ልጅ የለውም። ስሙን ይዞለት የሚዞር ሰው በዚህ ዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ነው። ይህን አስቀድሜ የነገርኳችሁ የጥፋቴን ልክ እንድታውቁልኝ ነው፤ እኔ ራሴ ያወቅኩት መጨረሻ ላይ ነው።

ባሌ ተካልኝ አድማሱ ጫካችንን ሊያጠኑ ለሚመጡ ፈረንጆች መንገድ መሪና አስተርጓሚ ነው። ከነሱ አንዷ፣ ሄልጋ የምትባል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ዛፍ ስትለካ እሱ ሜትሩን ሲይዝላት ኖረ። ሠርጋችን ላይ የአገር ልብስ ለብሳ ከሚዜዎቹ በላይ ስትጨፍር ዋለች። ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል አንድ ፖስታ ሰጠችን። ብንከፍተው ሁለት የአውሮፕላን ቲኬት፤ ከአዲስ አበባ ሞምባሳ፣ ደርሶ መልስ፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወር፣ ለሰባት ቀን። ጫጉላ እኛ ዘንድ በር ዘግተው ማር የሚልሱበት ነው፤ አውሮፕላን የሚሳፈሩበት መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ዝም ማለት የማያውቅ ሰው አስተማሪ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ። በማግሥቱ ደወል ሳይደወል መምህራን ማረፊያ ውስጥ ዜናውን አወጅኩ። ከሰዓት በኋላ ሳልባጅ ተራ ሄጄ ጠርዙ ትከሻዬን የሚያልፍ የገለባ ባርኔጣ ገዛሁ። ያን ባርኔጣ አድርጌ ቦንጋ ዝናብ ውስጥ ስሄድ ባጃጆች ሳይቀሩ ቆመው አሳለፉኝ። ርእሰ መምህራችንም ቢሆኑ ሰው ናቸውና፣ “ስትመለሺ ስለ ባሕር ለተማሪዎች ገለጻ ታደርጊያለሽ” ብለው በቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ውስጥ አስገቡኝ። በዚያን ጊዜ ዕቅድ ውስጥ የገባ ነገር ሳይፈጸም ቀረ ማለት በየግምገማው ተነስቶ መጠየቅ ነው። ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረኝም።

ፓስፖርት ነበረኝ። ከዓመታት በፊት ኡጋንዳ ለሥልጠና ትሄጃለሽ ተብዬ ያወጣሁት፣ ሥልጠናው ቀርቶ፣ አንድ ማኅተም ሳያርፍበት ጊዜው ያለፈበት ፓስፖርት። ለማሳደስ ከሳጥን ሳወጣው ነው ከቲኬቱ ጋር ያስተያየሁት። ፓስፖርቱ ላይ ከስሜ ቀጥሎ “ወልደየስ” ይላል። ቲኬቱ ላይ ከስሜ ቀጥሎ “አድማሱ” ይላል። በሄልጋ አልፈርድም። በሷ አገር ያገባች ሴት በባሏ ቤተሰብ ስም ትጠራለች፤ ስለዚህ ላክብራት ብላ አማቴን አባት አደረገችልኝ።

ቲኬት ቤት ደወልን። ያነሳችው ልጅ ትሕትናዋ ልብ ያጠፋል።

“ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ካልሆነ አይበሩም፣ እሺ?”

“ቲኬቱን አስተካክሉልኛ!”

“ይሄ ዓይነቱ ቲኬት ስም አይቀየርበትም፣ አይመለስምም። የገዛልዎትን ሰው ያነጋግሩ፣ እሺ?”

የገዛችልን ሰው በዚያን ሳምንት ሌላ ዛፍ ልትለካ ኮንጎ ጫካ ገብታለች። ኢንተርኔት ቤት ሄደን ጻፍንላት። መልእክቱ እስኪሄድ ድረስ ወጥተን ምሳ በልተን ተመለስን፤ መልሱ ግን በየቀኑ ብንመላለስም አልመጣም።

የሚቀጥለው ሰው ጋሽ በላቸው ናቸው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ታይፕራይተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ፣ ዳኞቹ ራሳቸው ሕግ ሲጠፋቸው በመስኮት ብቅ ብለው ይጠይቋቸዋል የሚባሉ ሰው ናቸው። ቲኬቱን በመነጽራቸው ላይ፣ ፓስፖርቱን ከመነጽራቸው ሥር አዩና፣ “ልጄ፣ ቲኬቱ አልለወጥም ካለ አንቺ ተለወጪ” አሉኝ።

“እንዴት ነው የምለወጠው?”

“ፓስፖርቱ እንደሆነ መታደሱ አይቀርም። ስምሽን በፍርድ ቤት አስቀይሪ፣ በአዲሱ ስም አሳድሺው፣ ባሕርሽን እይ፣ ስትመለሺ ወደ ቀድሞው ትመለሻለሽ። የወረቀት ነገር ነው።”

እዚህ ጋ መነሳት ነበረብኝ። ተካልኝም፣ “ይቅርብን፤ ባሕሩ የትም አይሄድ” ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ባርኔጣውን አሰብኩ፣ ርእሰ መምህሩን አሰብኩ። አባቴን አላሰብኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም።

ለፍርድ ቤቱ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ቀበሌው ግድግዳ ላይ “ደንበኛ ንጉሥ ነው” የሚል ተለጥፏል፤ ንጉሡ የሚቀመጥበት አግዳሚ ግን አንድ እግሩ ጎድሎ በድንጋይ ተደግፏል። በመጀመሪያው ቀን ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው። በሁለተኛው ቀን ሥልጠና ላይ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ሥልጠናው እየተገመገመ ነው። በአራተኛው ቀን ተገኙ። ፎርም አወጡና እስክሪብቷቸውን አዘጋጁ።

“ስም የምትቀይሪበት ምክንያት?”

“አግብቼ ነው።”

“እኔም አግብቻለሁ፤ ስሜ ያው ነው።”

“ቲኬት ላይ በስሕተት…”

“‘ቲኬት’ የሚል እዚህ የለም።” ፎርሙን ወደ ብርሃን አስጠግተው አነበቡልኝ። “ሃይማኖት በመለወጥ፤ ስሙ የሚያሳፍር በመሆኑ፤ በጉዲፈቻ። ከነዚህ ምረጪ።”

“‘ሌላ’ የሚል የለውም?”

“ነበረው። ሰው ሁሉ ‘ሌላ’ እያለ አስቸገረ፤ በማሻሻያው ቀረ።”

እስቲ ፍረዱኝ። ሃይማኖቴን አልለወጥኩም። ወልደየስ የሚል ስም ያሳፍረኛል ብዬ ብፈርም እጄ ይደርቃል። የቀረኝ ጉዲፈቻ ነው። እኔ፣ ዲፕሎማ ያለኝ፣ ጎረምሳ ተማሪ የምገርፍ ባለትዳር ሴት፣ አማቴ በጉዲፈቻ እንዳሳደጉኝ ምልክት አደረግኩ። ሥራ አስኪያጁ ማኅተሙን አሽተው መቱልኝና ማስታወቂያ ወጣ፤ እገሊት ወልደየስ በጉዲፈቻ ምክንያት ከእንግዲህ እገሊት አድማሱ ተብላ እንድትጠራ ስላመለከተች ተቃዋሚ ካለ በአሥር ቀን ውስጥ ይቅረብ። ቀበሌው ደጃፍ ላይ ለጠፉት። ቀበሌው ያለው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የተለጠፈው በገበያ ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን አማቴ ጋሽ አድማሱ ቤታችን መጡ። ተቀመጡ ብላቸው አልቀመጥም አሉ።

“ልጄ፣ ምራት ሆነሽ የመጣሽ ቀን በሬ ጥያለሁ። አሁን ደግሞ ልጅ ሆናልሃለች ይሉኛል። ደስ ይለኛል። ግን አንቺ ልጄ ከሆንሽ ተካልኝ ያገባው ማንን ነው?”

ተካልኝ እግሩን ማየት ጀመረ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። ካፋ ውስጥ እንኳን እህት ይቅርና ከራስ ጎሳ ማግባት የማይታሰብ ነው፤ ሰው ከመተጫጨቱ በፊት ጎሳ ተጠያይቆ ነው። ከጋብቻችን በፊት ሽማግሌዎች የኔንም የእናቴንም ጎሳ እስከ ላይ ድረስ ቆጥረው “ንጹሕ ነው” ብለውናል። እነዚያው ሽማግሌዎች አሁን ማስታወቂያ አንብበው ተሰብስበዋል። ጋሽ አድማሱ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር አምስት ሆነው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ታላቃቸው በዱላቸው መሬቱን መታ መታ እያደረጉ ጠየቁኝ።

“የማን ልጅ ነሽ?”

“የወልደየስ።”

“ወረቀቱ የማን ይላል?”

“የጋሽ አድማሱ።”

“ወረቀቱ ይዋሻል?”

“ለጊዜው ይዋሻል፣ አባቴ።”

በቋንቋችን በካፊኖኖ ረጅም ተመካከሩ። በመጨረሻ የተወሰነው፣ ወረቀት የመንግሥት ስለሆነ እንዳሻው ይሁን፤ አፍ ግን መዋሸት የለበትም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሦስት ጊዜ “የወልደየስ ልጅ ነኝ” ብዬ እንድናገርና አንድ ጋን ጠጅ እንድንቀጣ ሆነ። ተናገርኩ፤ ተቀጣን። ሽማግሌዎቹ ወደ ቀበሌ ሄደው በጽሑፍ ስላልተቃወሙ ግን በቀበሌው መዝገብ ተቃዋሚ አልቀረበም ተባለ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው መዝገቡን ገለጥ አድርገው፣ ጉዲፈቻ ከሆነ ወላጅ አባት ቀርቦ አልቃወምም ብሎ ይፈርም አሉ። እስከዚያች ቀን ድረስ ለአባቴ አንድ ቃል አልነገርኩትም ነበር። ደብዳቤ ልላክ፣ ራሴ ልሂድ እያልኩ ስብሰለሰል አባቴ ራሱ ከዋጫ በሚኒባስ መጣ። ገበያ የዋለ ሁሉ ነግሮታል። እጁ ላይ ማር የሞላ ጀሪካን ይዟል። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣም። ማሩን አስቀመጠና ውሃ ጠጣ።

“አባባ፣ ለጉዞው ብቻ ነው” አልኩት።

“ስንት ቀን ነው ጉዞው?”

“ሰባት ቀን።”

“ለሰባት ቀን ነዋ” አለና ተነሳ። “በይ ነይ የምፈርምበትን አሳይኝ።”

ስለ አባቴ ፊርማ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። አባቴ ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልማሳ ሆኖ ነው። ሌላው ሁሉ ጠፍቶበታል፤ ስሙን ግን አጥብቆ ይዞታል። ልጅ ሳለሁ መስከረም በመጣ ቁጥር ደብተሮቼን ይደረድርና እኔ ስሜን እጽፋለሁ፤ ከዚያ እስክሪብቶውን ይቀበለኝና ከስሜ ቀጥሎ የሱን በራሱ እጅ ይጽፋል። ይህን ሥራ ለማንም አያስነካም ነበር። ፊደሎቹ ትላልቅ ናቸው፣ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የ“የ” አንገት ሁልጊዜ ከመስመር ያልፋል። ስምንተኛ ክፍል ደርሼ እጅ ጽሕፈቱ አሳፍሮኝ ደብተሮቼን በጋዜጣ ሸፍኜ ነበር። እሱ በጋዜጣው ላይ ጻፈበት።

የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ያንኑ ስም፣ ስሙ ከልጁ ላይ እንዲነሳ አልቃወምም በሚል ወረቀት ግርጌ ላይ ሲጽፈው አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ቀስ ብሎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ እንደ ደብተሩ ጊዜ። “አባባ ተወው፣ ይቅር” ማለት እፈልጋለሁ፤ እጄ ግን ወረቀቱ እንዳይንሸራተት ጠርዙን ይዞለታል። ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን እፍ እፍ ብሎ አደረቀና ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ፈጠነ፤ መጥፎ ነገር ሲሆን ይፈጥናል። አዲስ የቀበሌ መታወቂያ ወጣልኝ። ጅማ አድሬ አዲስ አበባ ገባሁና ለፓስፖርት ተሰለፍኩ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ሠራተኛዋ ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ገለጠች።

“ባልሽ ተካልኝ አድማሱ። አንቺም አድማሱ። የፍርድ ቤቱ ወረቀት ጉዲፈቻ ይላል።” ቀና ብላ አየችኝ። “እህቴ፣ ወንድምሽን ነው እንዴ ያገባሽው?”

አስረዳኋት። ሄልጋን ነገርኳት፣ ቲኬቱን አሳየኋት፣ ፎርሙ ላይ “ሌላ” የሚል እንደሌለ ማልኩላት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ አንገቱን አስግጎ እየሰማ ነው። አንዱ፣ “እስቲ ጮክ በይ፣ መሐሉ አመለጠን” አለኝ። ሠራተኛዋ ግንባሯን አሸት አሸት አደረገችና የጋብቻ ወረቀቴን ከመሐል መዝዛ መለሰችልኝ። “ይችን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቻት። እኔም አላየኋት።” ማመልከቻው ላይም “ያላገባች” በሚለው ላይ ምልክት አደረገች። እናንተዬ፣ ለጫጉላ ሽርሽር ላጤ ሆኜ ፓስፖርት ወጣልኝ።

ፓስፖርቱ የደረሰው አውሮፕላኑ ሊነሳ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ስሙ ከቲኬቱ ጋር ልክ ነው። ባርኔጣው ተቦረሸ፣ ሻንጣው ተዘጋ። አባቴን ተሰናብተን ልንመለስ ዋጫ ሄድን። አባቴ ፓስፖርቱን ለማየት ጠየቀ። እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ ተቀበለኝ። ገጹን ገልጦ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። እኔና ተካልኝ ቡናው መሐል ዞር ዞር ብለን ስንመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ገጹን እፍ እፍ ይላል።

እፍ ማለቱን አወቅኩት። ሮጬ ወሰድኩት። ፎቶዬ አጠገብ፣ ከስሜ ጎን፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ “ወልደየስ” ይላል። ፊደሎቹ ትላልቅ ናቸው፣ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የ“የ” አንገት ፎቶዬ ላይ ደርሷል።

“አባባ! ምን አደረግክ?”

“አድማሱን አልነካሁትም” አለ ረጋ ብሎ። “እሱም ይኑር፤ ቲኬቱ ይፈልገዋል። እኔ ጎኑ ነው የጻፍኩት። ሰው አገር ነው የምትሄጂው፣ ባሕር ነው። አንድ ነገር ብትሆኚ የማን ልጅ ናት ቢሉ ማን ይነግራቸዋል?”

ተካልኝ ወደ ጎን ወስዶኝ በረኪና፣ ላጲስ፣ ምላጭ እያለ አንሾካሾከ። ለቲኬት ቤቷ ልጅ ደወልን፤ “በእጅ የተጻፈበት ፓስፖርት ተበላሽቷል ማለት ነው፣ አያስኬድም፣ እሺ?” አለችን። ተካልኝ ቢያንስ በረኪናውን እንሞክር አለ። “ንካውና ታያለህ!” አልኩት። ፓስፖርቱን ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። አለቀስኩም፤ ለባሕሩ ይሁን ለአባቴ ዛሬም አላውቅም።

ለአባቴ አልነገርነውም። ጉዞውን በገዛ እጁ እንዳስቀረ ቢሰማ ምን ይሆናል? አቅፎ ሸኘን። ግን ወዴት እንሂድ? ዋጫ ብንቀር አባቴ ያውቃል። ቦንጋ ብንገባ ከተማው በሙሉ ሞምባሳ ሸኝቶናል። በመካከል ያለችው ሺሺንዳ ናት። ከሚኒባስ ወርደን፣ በዶፍ ዝናብ፣ እኔ በገለባ ባርኔጣ፣ ገበያው አጠገብ ያለ አንድ ትንሽ ሆቴል ገባን። ባለቤቷ እትዬ ማርታ ጸሎተኛ ሴት ናቸው። መታወቂያችንን ጎን ለጎን አድርገው አዩት።

“አድማሱ፤ አድማሱ። ወንድምና እህት ናችሁ?”

“ባልና ሚስት ነን” አልን እኩል።

“እንዲያ ያለ ነገር በኔ ቤት የለም። ሁለት ክፍል፤ አንዱ በወዲህ፣ አንዱ በወዲያ።”

ባርኔጣዬ እየተንጠባጠበ ቆምኩ። የጋብቻ ወረቀቱ ቦንጋ ነው። ሌላ ምን አለኝ? ከደረቴ ፓስፖርቱን አወጣሁና ገጹን ገልጬ ሰጠኋቸው። እትዬ ማርታ የታተመውን አለፉት፤ ጣታቸውን ሰማያዊው ላይ አሳረፉ።

“ይሄንን እጅ አውቀዋለሁ። ማር ሲያመጣልኝ ጀሪካኑ ላይ እንዲህ ነው የሚጽፈው። የወልደየስ ልጅ ነሽ?”

“ነኝ፣ እትዬ።”

“ታዲያ እንዲህ አትይም!” ብለው አንድ ቁልፍ ሰጡን። ለአባቴ እንዳይነግሩት እጃቸውን ይዤ ለመንኳቸው፤ ጉዱን ሰምተው እንባቸው እስኪመጣ ከሳቁ በኋላ ማሉልኝ። ሰባቱን ቀን ዘነበ። ከመስኮታችን የሚታየው ውሃ የያዘ የመንገድ ጉድጓድ ነበር፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ማዕበል ይነሳል። ርእሰ መምህሩ ላቀዱት ገለጻ የተዘጋጀሁት ከሱ ነው።

በስምንተኛው ቀን ዋጫ ሄድን። አባቴ ቀፎ ሲያበጅ አገኘነው።

“ባሕሩ እንዴት ነው?” አለኝ።

“ውሃ ብቻ ነው፣ አባባ።”

“የማን ልጅ ነሽ ብለው ጠየቁሽ?”

“ጠየቁኝ።”

“ምን አልሻቸው?”

“ገልጬ ሰጠኋቸው። አንብበው አስገቡኝ።”

ራሱን ነቀነቀና ወደ ቀፎው ተመለሰ። “ሰባቱ ቀን አልቋል” አለ ጀርባውን ሰጥቶኝ። “በይ አሁን ወረቀቱንም መልሺልኝ።”

እያስመለስኩ ነው። ቀበሌው ምክንያት ጠይቆኛል፤ ከሦስቱ አንዱን እንድመርጥ ፎርሙ ፊቴ ተቀምጧል።